ወድቀው ያለፉት ጋሼ ክፍሎም

የጋሼ ክፍሎም ልጅ ሰናይት ደውላ «ታደሰ፣ አባዬ አለፈ» ስትለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «እሰይ!» የሚል ነበር።

በዚያም አላበቃሁም። «ብዬሽ አልነበረም? አባትሽን አታውቂያቸውም ብዬሽ አልነበረም?» እያልኩ መሪውን በመዳፌ ስመታው ጥሩምባው ጮኸ። የትምህርት ቤት ባስ ሹፌር ነኝ፤ ከጠዋቱ ዙር በፊት ሞተር እያሞቅኩ ነበር። ከጃፓን የሚመጣ የአንድ ፈተና ውጤት ከጥቅምት ጀምሮ ስንጠብቅ ስለከረምን፣ በዚያ ሰሞን «አለፈ» የሚለው ቃል ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው።

«ኖ፣ ታደሰ» አለች ሰናይት። «አለፈ ማለቴ... ሂ ኢዝ ጎን። ቁርስ ልሰጠው ስገባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው ያገኘሁት።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፌ ግን እንደዚያ ጠዋት አምልጦኝ አያውቅም። ይቅርታ ልጠይቃት ስንተባተብ እያለቀሰች ሳቀች። «አባዬ ቢሰማህ ኖሮ» አለችኝ፣ «ወድቄ ያለፍኩ ሰው ነኝ ይል ነበር አይደል? አሁንስ ምን ሊል ነው?»

እውነቷን ነው። ጋሼ ክፍሎም ወድቀው ያለፉ ሰው ናቸው። ያን ቀን በቦታው ነበርኩና እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፋልከንሪጅ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ግድግዳ ለሁለት ተካፍለን ለአሥራ ስድስት ዓመት ኖረናል። የእኛ ታውን ሃውስ ግድግዳ ካርቶን ነው ማለት ይቻላል። ሲያስነጥሱ ከሳሎኔ ሆኜ «ይማርዎት!» እላቸዋለሁ፤ ከሳሎናቸው «ያኑርህ!» ይሉኛል። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸውም የመጽሐፍ አማርኛ ነው። አንድ ጊዜ መኪናዬን ጠግነውልኝ «አመሰግናለው» ብዬ ቴክስት አደረግሁላቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ። ስልካቸውን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው «ማነው የሚያመሰግነው? አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አሉኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩትን ሰውዬ አማርኛ የሚያርሙኝ እሳቸው ነበሩ።

ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሥር ተንጋልለው የጨረሱ መካኒክ ናቸው። እያንዳንዱ ጣታቸው የእኔን ሁለት ያህላል፤ የጥፍራቸው ሥር ግራሶ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቀም። ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ጋራዡን ትተው መሐል ከተማ፣ ቤልትላይን ውስጥ የአንድ አፓርታማ ሕንፃ ጠጋኝ ሆኑ። ቧንቧ ያጠብቃሉ፣ አምፖል ይቀይራሉ፣ ማሞቂያ ያስተካክላሉ። ያ ሥራ ነው ከሚስስ ሂራኖ ጋር ያገናኛቸው።

ነገሩ የጀመረው በእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል ነው። አንድ ቅዳሜ የሕንፃው ደወል ይጮኻል፤ ጋሼ ክፍሎም ደረጃውን እየዘለሉ ስድስተኛ ፎቅ ይደርሳሉ። በሩን የከፈቱላቸው ሰውነታቸው እንደ ድንቢጥ የቀለለ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው። ሳሎኑ መሐል አነስተኛ የሸክላ ምድጃ ላይ ከሰል ተያይዟል። ጋሼ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሚስስ ሂራኖ ዝቅ ብለው እጅ ነሷቸውና ወንበር አሳዩአቸው። ከዚያ የሕፃን ጡጫ ከምታህል በራድ፣ ግማሽ የእንቁላል ቅርፊት ወደምታህል ስኒ ሻይ ቀዱላቸው። ቀዱላቸው ማለት ይከብዳል፤ አንጠባጠቡላቸው።

«ለወፍ ነው ወይ የቀዱልኝ ብዬ ነበር» ይላሉ ጋሼ ሲያወሩት። «እኛ ዘንድ ጎደሎ ስኒ ለእንግዳ መስጠት ስድብ ነው። ተናድጄ በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው አነሳሁት። መጀመሪያ የአጥንት መረቅ መሰለኝ፤ ከዚያ መረረኝ፤ ከዚያ ጣፈጠኝ። አመስግኜ፣ ከሰሉን አጥፍቼ ወጣሁ። ሊፍት ውስጥ ገባሁ፣ ታች ወረድኩ፣ መኪናዬን አስነሳሁ፤ ጣዕሙ አፌ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሦስት ጠብታ ሻይ እኮ ነው፣ ታደሰ። ፋልከንሪጅ እስክደርስ አብሮኝ መጣ።»

በሳምንቱ ሳይጠሩ ተመልሰው ሄዱ። ከሰሉን ከልክለው ዝም ማለት ሕሊናቸው እምቢ ብሏቸው፣ ከአሮጌ ምድጃ የፈቱትን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘው ሄደው የሸክላዋ ማንደጃ ውስጥ ገጠሙላት። ደወሉ ዝም አለ። ሚስስ ሂራኖም ሲፈልጉት የኖሩትን ተማሪ ማግኘታቸውን ያኔ አወቁ መሰለኝ።

የሚያስተምሩት ሴንቻ የሚባለውን የጃፓን ሻይ አፈላል ነው። ሴንቻ ቅጠል ነው፤ ዛሬ ካፌው ሁሉ በወተት በጥብጦ የሚሸጠው አረንጓዴ ዱቄት አይደለም። ጋሼ ክፍሎም በዚህ ልዩነት ጠብ ያነሳሉ። ውኃው ይፈላል፣ በሌላ ዕቃ ይበርዳል፣ ቅጠሉ ላይ ይፈስሳል፣ ተጠቅልሎ የደረቀው ቅጠል እስኪዘረጋ ይጠበቃል። ከዚያ ለአምስት እንግዶች በአምስት ስኒ፣ ለሁሉም እኩል፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይቀዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሳቸው ግን እንቁላሉ እስኪሄድ ድረስ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሰው ሆኑ። በሰዓት የምኖር ሹፌር ስለሆንኩ መጀመሪያ መጀመሪያ ያበግኑኝ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ጠማኝ እኮ» ስላቸው ቀና ሳይሉ «ጥማት ከሆነ ቧንቧው እዚያ አለልህ» አሉኝ። ይህ ከዚያ በኋላ የቤቱ ሕግ ሆነ። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ «ከቡና ጋር ያወዳደረ ዕቃ ያጥባል» የሚል ነው። ሐበሻ ሆኖ እዚያ ቤት ዕቃ ሳያጥብ የወጣ የለም።

ሚስስ ሂራኖ የነገሯቸውን አንድ ታሪክ በጣም ይወዱ ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ገዳሙን ትቶ፣ የሻይ ዕቃውን በትከሻው ተሸክሞ መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚው ሻይ ያፈላ ነበር አሉ። እሱ ፊት ጌታና ሎሌ እኩል ይቀመጣሉ። ጋሼ ክፍሎም ይህን ከሰሙ በኋላ የመፍቻ ሣጥናቸውን አጥበው በፎጣ ሸፈኑና ስኒዎቻቸውን እዚያ ውስጥ ከተቱ። ባስ ላይ ያ ቀይ ሣጥን ጭናቸው ላይ ሲታይ ሰው ቧንቧ ሊጠግኑ የሚሄዱ ይመስለዋል። «መነኩሴው በትከሻው፣ እኔ በባስ» ይሉ ነበር።

ሐበሻው ዝም አላለም። ጋሼ ክፍሎም ሃይማኖት ለወጡ ተባለ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊመክሯቸው መጡ፤ እኔም ጠብ እንዳይነሳ ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጋሼ አማትበው ቀዱላቸው፣ ሽማግሌው አማትበው ጠጡ። ሁለተኛውን ቀዱላቸው፣ ጠጡ። ለምክር የመጡት ሰውዬ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ሕመም አውርተው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ጋሼ ዞር ብለው «መካሪ ሲጠማው እንዲህ ነው» አሉኝ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ በየወሩ ይመጡ ነበር፤ ዕቃም አጥበዋል።

እንግዲህ እኚህ ሰው በሁሉ ነገር ጎበዝ ተማሪ ሆነው አንድ የማይድን ጥፋት ነበረባቸው። ሰው ሲገባ ይነሳሉ።

ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» ማለት፣ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ማስቀመጥ የአገራችን ወግ ነው። እኛ እዚህ አገር ረስተነዋል፤ ሰው ሲገባ ከስልካችን ላይ ቅንድባችንን ካነሳን ብዙ ነው። ጋሼ ክፍሎም ግን ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ያስተማሯቸው የአማርኛ መምህር በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበርና ነገሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። በሃያ ሦስት ዓመት የማንሳቸውን እኔን እንኳ እየተነሱ ያሳቅቁኝ ነበር። «በእግዜር ጋሼ፣ ኧረ በእግዜር!» እያልኩ እየሮጥኩ ነው ቤታቸው የምገባው።

የሴንቻ ቀጂ ደግሞ አይነሳም። ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነገሩ በትንፋሽ የሚቆጠር ነው፤ ትንሽ ካለፈበት ሬት ይሆናል። ሚስስ ሂራኖ «ቀጂው ከተነሳ ሻዩ ይሞታል» እያሉ ለዓመታት ገሠጿቸው። እሺ ይላሉ፤ በር ሲከፈት ብድግ ይላሉ። አሮጊቷ በስተመጨረሻ ራሳቸው ዘግይተው ሲገቡና «ኖር» ሲባሉ፣ እየተቆጡም ቢሆን «ቤግዜር» ማለት ጀመሩ። ሌላ አማርኛ አያውቁም ነበር።

ሚስስ ሂራኖ ዘጠና ዓመት ሲደፍኑ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገቡ። አፓርታማው በር ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈበት፣ ክንድ የምታህል የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅላ ነበር። የሻዩ ዋና ቤት ከጃፓን የሰጣቸው ነው፤ እዚህ ማስተማር ተፈቅዷል ማለት ነው። ካልጋሪ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ያን ፈቃድ ያለው ሰው አልነበረም። ዋናው ቤት አንዲት ፈታኝ እንደሚልክ ጻፈ፦ ከተማሪዎቹ ሰሌዳዋን ለመረከብ የበቃ ካለ ትቆያለች፣ ከሌለ ወደ ጃፓን ትመለሳለች። ከቀሩት ሦስት ተማሪዎች ሁለቱ ሴቶች «እኛ አንችለውም፣ ክፍሎም ይፈተን» አሉ። ሚስስ ሂራኖ ሠላሳ አንድ ዓመት የደከሙበት ነገር እዚያች ሰሌዳ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሰሌዳዋ ደግሞ ጋሼ ክፍሎም ወንበር ላይ ረግተው በመቀመጣቸው ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ለአንድ ወር ሙሉ የእኔ ሥራ በር መግባት ሆነ። ሺፍቴን ጨርሼ ባሱን ፓርክ አድርጌ፣ ካፖርትና ባርኔጣ አጥልቄ፣ ምርኩዝ ይዤ እገባለሁ። ጋሼ ይነሳሉ። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ ይነሳሉ። አንድ ቀን እንደ አቡን ተጎማልዬ ስገባ ተነሱና ወንበሩም አብሯቸው ተነሳ። ለካ ከአሮጌ መኪና የፈቱትን የደኅንነት ቀበቶ ወንበሩ ላይ አስረው ወገባቸውን ቆልፈውበት ነበር። ወንበሩን በወገባቸው እንዳንጠለጠሉ «ኖር» አሉኝ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ «ሴትዮዋን ላሳፍራቸው ነው፣ ታደሰ» አሉ። ዓይናቸው ውኃ ሲሞላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰናይት ደግሞ ሌላ ሥጋት ነበራት። ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት፤ አባቷ በሰው ፊት እንዲዋረዱባት አልፈለገችም። «ታደሰ፣ ቶክ ቱ ሂም፣ ፕሊስ» ትለኛለች። «ካንስል ያድርገው። ይሄ የሱ ካልቸር እንኳን አይደለም፣ ላይክ፣ ምን ብሎ ነው ኤክስፕሌይን የሚያደርገው?» ጋሼ ሰምተዋት ኖሮ «ልጄ፣ መኪናስ የእኔ ባህል ነበረ እንዴ? ጠገንኩት እኮ» አሏት።

የፈተናው ቀን፣ ቺኑክ የሚሉት ከተራራ የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ነፈሰ። ትናንት ጉልበት የደረሰው በረዶ ከየጣሪያው ይንጠባጠባል። ፈታኟ እንደ መርፌ ቀጥ ያሉ፣ ግራጫ ኪሞኖ የለበሱ ሴትዮ ናቸው። በሚስስ ሂራኖ አሮጌ አፓርታማ አምስት እንግዶች ተቀመጥን፦ ፈታኟ፣ ሁለቱ ተማሪዎች፣ ሰናይትና እኔ። ሚስስ ሂራኖ አልነበሩም፤ በዚያ ሳምንት ሳንባቸው ታሞ ዶክተሩ ከአልጋ እንዳይወርዱ አዟቸው ነበር።

ጋሼ ክፍሎም ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ሲጀምሩ እነዚያ ወፍራም ጣቶች ሌላ ሰው ያበደራቸው መሰሉኝ። ውኃው ወደ ማብረጃው፣ ከማብረጃው ወደ በራዷ ሲወርድ ድምፁ አልተሰማም። ፈታኟ ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አልነቀሉም። ክዳኑ ተገጠመ፤ ጋሼ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን መቁጠር ያዙ። እኔ አብሬ እቆጥራለሁ። አሁን ሊያነሱት ነው፣ አሁን ሊቀዱ ነው ስል በሩ ተከፈተ።

ሚስስ ሂራኖ ናቸው። የሚገፋ መደገፊያቸውን ይዘው፣ አንዲት ነርስ ከኋላ ተከትላቸው፣ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው። ነርሷን ለምነው በታክሲ መምጣታቸውን በኋላ ነው የሰማነው።

ጋሼ ክፍሎምን አየኋቸው። እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። «አይነሱ» አልኩ በልቤ፤ ሰናይት ክንዴን ጨመደደችው። ሰውዬው ግን ብድግ አሉ፣ እንደ ግንድ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ በሙሉ ድምፃቸውም «ኖር!» አሉ።

አሮጊቷ ከደጃፉ ላይ ትንፋሽ እያጠራቸው «ቤግዜር» አሉ።

ጋሼ በራዷን ትተው ሄደው ክንዳቸውን ደገፏቸው። እኔ ቦታዬን ለቀቅሁ። እስኪያስቀምጧቸው፣ ካፖርታቸውን እስኪያስተካክሉላቸው፣ ተመልሰው እስኪቀመጡ ቅጠሉ ሞቷል። ሁላችንም እናውቃለን። ሰናይት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ጋሼ ክፍሎም ሻዩን አልደፉትም። ያንን ሬት ለአምስቱ ስኒ እኩል ቀዱ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። «ይህ መምህሬን ሲጠብቅ የመረረ ሻይ ነው» ብለው በእንግሊዝኛ አስታወቁና አቀረቡት። ፈታኟ ጠጡት፤ ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ ሁለተኛው ዙር መጣ። ደንቡ ሁለተኛው በሞቀ ውኃ፣ ቶሎ ይቀዳል የሚል ነው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ማንቆርቆሪያው ዘረጉና መለሱት። በራዷን ከፍተው ቅጠሉን አዩት፣ አሸተቱት፤ የማይነሳ ሞተር የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ የቀዝቃዛውን ውኃ ጋን ከፍተው በጭልፋ ቀድተው ጨመሩበት። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ትንፋሿ ሲቆረጥ ተሰማኝ። ማንም እንዲህ ሲደረግ አላየም።

ጠበቅን። ከውጭ የጣሪያው ጠብታ ይሰማል። በሕይወቴ ሰዓቴን ሳላይ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።

ሲቀዱት የእኔ ስኒ ለሚስስ ሂራኖ ሆነች፤ ስኒዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያን ሻይ አልቀመስኩትም፤ የማውቀው ከሰዎቹ ፊት ነው። ሚስስ ሂራኖ ዓይናቸውን ጨፍነው አልገልጥ አሉ። ሰናይት አባቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው። ፈታኟ የጠጡትን ስኒ ከአፍንጫቸው ሥር አልለይ አሉ።

«በሩ ላይ ያሉት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ በመጨረሻ።

«ትልቅ ሰው ሲገባ የምንለው ነው። ለእኔ ትርጉሙ ይኑሩልን ነው» አሉ ጋሼ።

«የእሳቸውስ መልስ?»

«እባካችሁ አትነሱ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ተነሱ?»

«እሱን የሚሉን ከተነሳን በኋላ ነው» አሉ ጋሼ።

እነዚያ መርፌ የመሰሉ ሴትዮ ሳቁ። አፋቸውን በኪሞኗቸው እጅጌ ሸፍነው ረጅም ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ልብሳቸውን አስተካከሉና ፍርዳቸውን ተናገሩ፦ «በመጀመሪያው ሻይ ወድቀዋል። ቀጂ አይነሳም፤ ለዋናው ቤትም እንዲሁ ነው የምጽፈው። ሁለተኛውን ሻይ ግን ማንም አላስተማረዎትም። የሞተ ቅጠል የሚያስነሳ ሰው ባለበት ከተማ ሰሌዳዋን ወደ ጃፓን አልወስድም። እርስዎ ዘንድ ትቆያለች።»

ሚስስ ሂራኖ ትንሿን እጃቸውን በዚያ በትልቁ እጅ ላይ አኖሩ፣ አበቃ።

እኛ ወደ ታች ስንወርድ ነው ጉዱ። ጋሼ ክፍሎም ሰሌዳዋን አቅፈው፣ ሕንፃው ፓርኪንግ ውስጥ፣ በሚቀልጠው በረዶ መሐል፣ ትከሻቸውን እየሰበቁ መኪናዬን በጓይላ ጭፈራ መዞር ጀመሩ። ወገባቸውንም ረሱት። ሰናይት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ካልጋሪ የተወለደች ልጅ እልልታ የት እንደተማረች አላውቅም። ሁለቱ ሴቶችም መጥተው ከኋላቸው ተሰለፉ፤ አንዷ ጃፓናዊት፣ አንዷ የአልበርታ ገበሬ ልጅ፣ እግራቸው እየተሳሳተ። እኔም ገባሁበት። ሦስት ዙር ዞርን። ከዚያ ጋሼ የኋላውን በር ከፍተው ሰሌዳዋን አስቀመጡና የደኅንነት ቀበቶ አሰሩላት። «ይቺ እንኳ አትነሳም» አሉ።

ሰሌዳዋ ፋልከንሪጅ ውስጥ እሳቸው በር ላይ ተሰቀለች። የካራቴ ቤት የተከፈተ መስሎት ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ አባት ነበር፤ ሻይ ጠጥቶ ሄደ፣ በኋላም ራሱ ተመዘገበ። ሰናይት በሦስተኛው ወር «ጀስት ለማየት ነው» ብላ ተቀመጠችና አልተነሳችም። ሚስስ ሂራኖ በዓመቱ በሰላም ዐረፉ። ጋሼ ያንን የወደቁበትን ፈተና በሁለተኛው ዓመት አለፉ፤ ሰው እንኳን ደስ ያለዎት ሲላቸው «ያኛው ይበልጣል፤ ያኔ ወድቄ ነው ያለፍኩት» ይሉ ነበር። እኔም ያመለጠኝን ሻይ እንዲያፈሉልኝ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ያ ሻይ አንድ ጊዜ ነው የተፈላው።»

ባለፈው ጥቅምት የተፈተኑት የመጨረሻውን ማዕረግ ነበር። እሱን ያላለፈ መምህር ሰሌዳውን ለተማሪው ማውረስ አይችልም፤ ሲሞት ወደ ጃፓን ትመለሳለች። ለዚህ ነው በሰባ ስምንት ዓመታቸው እንደ ልጅ ያጠኑት፣ እኔም ያን ጠዋት «እሰይ» ያልኩት። በተቀበሩ በአራተኛው ቀን ፖስታው መጣ። ሰናይት እኔ እንዳነብላት ሰጠችኝ። አልፈዋል። ሰሌዳዋም ራሳቸው ጽፈው በተዉት መሠረት ለልጃቸው ለሰናይት ክፍሎም ትሁን ይላል። የዚያን ጠዋት «እሰይ» ቦታዋን አገኘች።

በአርባቸው ቀን ተማሪዎቹ ሁሉ ያ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰናይት በአባቷ ወንበር ተቀምጣ የመጀመሪያውን ሻይ እንደ መምህር ልትቀዳ ነው። እኔ ፎቶግራፋቸውን ከክፈፍ ሠሪው ላመጣ ሄጄ መንገድ ዘጋብኝና ዘገየሁ፤ ሹፌር ሆኜ። ያን ሁሉ ቀን በካፖርትና በምርኩዝ የተመላለስኩበትን በር ገፍቼ፣ የእሳቸውን ፎቶ ደረቴ ላይ ይዤ ገባሁ።

ሁሉም ተነሱ። ጃፓናዊቷ፣ የገበሬው ልጅ፣ ካራቴ ፈላጊው አባት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ፣ ሁሉም ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ «ኖር!» አሉ። ሰናይት በራዷ ላይ ክዳን ከገጠመች ቆይታለች። እሷም ተነሳች።

የሚመልስ አልነበረምና ስለ እሳቸው እኔ «በእግዜር» አልኩ።

ስትቀመጥ ሻዩ መርሯል። ቀዳችው፣ ጠጣነው። ከዚያ ወደ ማንቆርቆሪያው ሳትዞር ቀዝቃዛውን ውኃ ከፈተች። በዚህ ጊዜ ስኒ ደርሶኛል። አንስቼ ቀመስኩት፤ የጠጪዎቹን ፊት ብቻ አይቼ የኖርኩበት ያ ሻይ ነው፣ ጣፋጭ፣ ጣዕሙ ከአፍ የማይጠፋ። አንድ ጊዜ ነው የተፈላው ብለውኝ ነበር። ጋሼ ክፍሎም እንኳ ይሳሳታሉ።